እሳት ለጠፋበት መኪና ባለቤት የተሰጠ ጥብቅ ምክር

አሮጌ መኪናህ ፍኖተ ሰላም ላይ አልነሳ ካለህ አትደንግጥ፤ እንዲያውም ዕድለኛ ነህ። ጂጋ ላይ ቢሆን ኖሮ «ፍኖተ ሰላም እኮ እዚህ ነው፤ እንደምንም ብለህ እዚያ ብትደርስ ይሻልሃል» ብለው ይሸኙህ ነበር። ቡሬ ላይ ቢሆን ደግሞ ወደ ነቀምት የሚታጠፈውና ወደ ባሕር ዳር የሚቀጥለው መንገድ እዚያ ስለሚለያይ፣ ቆሞ የሚያይህ ሁሉ ራሱ መኪና ጠባቂ ነው። ፍኖተ ሰላም ግን የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ለጉዳይ መጥቶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከሰዓት ተመለስ» የተባለ ሰው በየጥጉ አለ። ይህ ሰው ጊዜ አለው። ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ ስለ መኪና ያውቃል።

ስለዚህ ኮፈኑን ቶሎ አትክፈት። ኮፈን ተከፍቶ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ ጎጃሜ እስካሁን አልተወለደም። መቀመጫህ ላይ እንዳለህ ብቻህን የምትመልሳቸው ሁለት ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ የመጠየቅ መብትህ ለሕዝብ ይተላለፋል።

አንደኛው፣ የምትነዳው መኪና በእርግጥ እሳት የሚፈልግ ነው ወይ? አትሳቅ። አይሱዙውም ብዙው ላንድክሩዘርም በናፍጣ ነው የሚሄደው። የናፍጣ ሞተር አየሩን አምቆ አምቆ በዚያ ሙቀት ብቻ ነዳጁን ያቃጥላል፤ ካንዴላ የሚባል ነገር የለውም። ከአጎትህ በተዋስከው የናፍጣ መኪና ላይ ካንዴላ ስትፈልግ ከዋልክ ይህን ምክር እዚህ ላይ አቁመህ መኪናውን ለባለቤቱ መልስ። በእርግጥ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ፣ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብቻ እንዲሆን ስለወሰነ፣ የካንዴላ ጣጣ የሚረሳበት ዘመን መምጣቱ አይቀርም። እስከዚያው ግን ያለው ዲኤክስ፣ ያለው ቮልስ፣ ያለው ላዳ ከነጣጣው በእጃችን ነው። ተተኪ የሌለው ሽማግሌ ደግሞ ቢያስልም ይከበራል።

ሁለተኛው፣ ሞተሪኖው ያዞራል ወይ? ቁልፉን ስትጠመዝዘው «ትክ» ብሎ ዝም ካለ ወይም እያቃሰተ ከዞረ የጠፋህ እሳት ሳይሆን ባትሪ ነው። ደህና ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት ገደማ ይኖረዋል። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ከ9.5 በታች ከወረደ ግን ሞተሪኖው ያለውን ሁሉ ይጨርስና ለካንዴላ የሚተርፍ አይኖርም። ለዚህ ብቻ ኮፈኑን ለአፍታ ገለጥ አድርገህ የባትሪውን ራሶች ተመልከት፤ ነጭና አረንጓዴ ነገር ከተጋገረባቸው ፍታቸው፣ በሙቅ ውሃ እጠባቸው፣ በብሩሽ ፋቃቸው፣ አጥብቀህ እሰራቸው። ማሳውንም፣ ማለትም ባትሪውን ከመኪናው አካልና ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያያይዘውን ገመድ፣ እንዲሁ አድርገው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ያለቀ እንደሆነ ሳትናገር ሂድ፤ ሰዉ ገና አልተሰበሰበም።

ሦስተኛው ቤንዚን ነው። ጌጁን አትመነው፤ የአሮጌ መኪና ጌጅ አንድ ጊዜ «ግማሽ» ካለ ቃሉን አያጥፍም። ማደያው ጋ ወረፋ ሰልችቶህ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ገዝተህ ከነበረም፣ ውስጡ ምን ያህሉ ቤንዚን፣ ምን ያህሉ ላምባ፣ ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ ከሻጩና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

አሁን ኮፈኑን ወለል አድርገህ ክፈት። ይመጣሉ።

ቀድሞ የሚደርሰው የባጃጅ ሾፌር ነው። የሱ ባጃጅ አንድ ሲሊንደር ብቻ ስላላት የዓለም ችግር ሁሉ ካንዴላ ነው፤ «ቀይረውና ሂድ፣ ጃል!» ይልሃል። ቀጥለው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ ሾፌር ይመጣሉ። «አያ» ካላልካቸው ይቀየሙሃል፤ ካልካቸው ደግሞ አይለቁህም። እሳቸው ላንድሮቨር ይነዱ በነበረበት ዘመን አንድ ጊዜ ቦቢና ተቃጥሎባቸው ያውቃል፤ ስለዚህ «ቦቢና ነው» ይላሉ፤ ኮፈኑ ውስጥ ገና አላዩም። ከሳቸው ጀርባ በስልኩ ቪዲዮ ያየ ተማሪ አለ፤ እሱ «ሴንሰር ነው» ይላል፤ መኪናህ የተሠራችው እሱ ከመወለዱ በፊት፣ ሴንሰር የሚባል ነገርም እሷ ጋ ሳይደርስ እንደሆነ አትንገረው። ከሁሉም ኋላ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ «እረግ! ዓይን ነው እንጂ ልጄ፤ ትናንት ስታጥበው ያየህ ሰው አለ» ይሉሃል።

ከአንዳቸውም ጋር አትከራከር። መግፋትም ይፈልጋሉ፤ ሦስቱ ከኋላ ተደግፈው ጀምረዋል። ግፊ የሚጠቅመው ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ለደከመ መኪና ነው፤ እሳት የሌለውን መኪና እስከ ደምበጫ ብትገፋው ደምበጫ ላይም እሳት የለውም። ይህን እያወቅህ ግን አንድ ጊዜ ይግፉ፤ ያልገፋ ሰው ቀኑን ሙሉ «ብንገፋው ኖሮ» እያለ ይረብሽሃል።

በድሮ ጊዜ ሌባ በሁለት መንገድ ይፈለግ ነበር። አንዱ ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባው አንተ ነህ ተብሎ ይከፍላል። ሌላው አውጫጭኝ ነው። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ተራ በተራ ይጠየቃል፣ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የጠፋ እሳትም የሚፈለገው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። አብዛኛው የመኪና ጥገናችን ዛሬም በሌባ ሻይ ነው የሚሠራው። ካንዴላ ይቀየራል፤ አይነሳም። ቦቢና ይገዛል፤ አይነሳም። ኮንዴንሰር፣ ገመድ፣ ክዳን ይመጣል፤ አይነሳም። ሁሉም ከፍሎ ካለቀ በኋላ አንድ ልጅ እጁን ሰድዶ የተላቀቀች ሽቦ ይሰካና መኪናው ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ የተገዛው ዕቃ ሻጭም «አላልኩህም?» ይላል። ይህ መንገድ ጥቅም የለውም አልልም፤ መለዋወጫ ነጋዴዎች ቤት ሠርተውበታል፣ ልጅ አስተምረውበታል። ገንዘብ የሚያጥርህ ከሆነ ግን አውጫጭኙን እመክርሃለሁ።

ለአውጫጭኝ የመንደሩን ነዋሪ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደግነቱ ብዙ አይደሉም። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ላይ ያዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ግድም፣ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ለካዲላክ አንድ የእሳት አሠራር አወጣ። ያ አሠራር ዋናው ነገሩ ሳይለወጥ ያንተ ኮፈን ሥር ድረስ መጥቷል። ባትሪው 12 ቮልቱን በቁልፉ በኩል ወደ ቦቢናው ይልካል። ቦቢናው ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ወፍራምና ዙሩ ጥቂት፣ ሌላው ቀጭንና ዙሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠር። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲና የምትባል የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ መገጣጠሚያ አለች። ስትዘጋ በወፍራሙ ጥቅል ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ስትከፈት ድንገት ይቋረጣል፤ በተቋረጠባት ቅጽበት ከቀጭኑ ጥቅል 20,000 ቮልት ገደማ ይወጣል። እሱ በመሀለኛው ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ይሄዳል። ከክዳኑ ሥር የምትሽከረከረው ሮተር ለአራቱ ካንዴላዎች በተራ ታድላለች፤ ለዲኤክስና ለላዳ 1፣ 3፣ 4፣ 2፤ ለቮልስ 1፣ 4፣ 3፣ 2። ኮንዴንሰሯ ደግሞ ፑንቲና ስትከፈት እሳቱ እዚያው መሀሏ ላይ ዘልሎ እንዳይቀር ትይዘዋለች። ነዋሪው ይኸው ነው። ከኋለኛው ዘመን ዲኤክስና ላዳ መካከል ፑንቲናዋ በኤሌክትሮኒክ የተተካችባቸው አሉ፤ ክዳኑን ስትከፍት ፑንቲና ካጣህ አንተ ከነሱ ነህና ከዚህ በታች ስለ ምላጭ የምለውን ዝለለው።

መጀመሪያ ካንዴላውን ጠይቅ። አንዱን ፍታው፤ መልሰህ ገመዱ ላይ ሰካው፤ ብረቱ የሞተሩን ብረት ነክቶ እንዲተኛ አድርገህ አስቀምጠው። ካንዴላው የወጣበት ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ስለሚተፋ ከዚያ ራቅ አድርገው። በባዶ እጅህ አትያዘው፤ መያዝ ካለብህ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ደረቅ ፒንሳ ያዘው። በገመዱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ያስፈነጥርሃል፣ ስትፈናጠር ደግሞ ራስህ ከኮፈኑ ጋር ይጋጫል፤ ተሰብሳቢው ከሁለቱ የትኛው እንዳመመህ ይከራከርበታል። ከዚያ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልህ። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ብልጭታው አይታይም፤ ጋቢ የለበሰ ሰው ጠርተህ ጥላ እንዲያደርግልህ ለምነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ ብልጭታው ይታይሃል፣ ጋቢ ለባሹም ምስክር ስለሆነ አስተያየት መስጠቱን ያቆማል።

ሰማያዊ ሆኖ ጠቅ ጠቅ የሚል ብልጭታ ካየህ እሳት አለህ፤ ወደ ቤንዚኑ ተመለስ፤ የሃይላንዱ ነገር ነው። ቀጭንና ቀላ ቢጫ ያለ ከሆነ እሳትህ ደክሟል። ምንም ከሌለ አሁን መሀለኛውን ገመድ ከክዳኑ ንቀልና ጫፉን ከሞተሩ ብረት 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ያህል አርቀህ በዚያው ፒንሳ ያዝ፤ እንደገና ይዙርልህ። ኤሌክትሮኒክ ከሆነ ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥለህ አታዙር፤ መውጫ ያጣው ኃይል ተመልሶ ዕቃውን ያቃጥልብሃል። እዚህ ብልጭ ካለ ሌባው ከገመዱ ወዲያ ነው፤ ክዳን፣ ሮተር፣ ገመዶች፣ ካንዴላዎች። ብልጭ ካላለ ሌባው ከገመዱ ወዲህ ነው፤ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ኮንዴንሰር፣ ሽቦ። አንዲት ገመድ ነቅለህ የመንደሩን ግማሽ በነፃ አሰናበትክ፤ አንድ ብርም አላወጣህም። መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰውዬ በዚህ ደቂቃ ፊቱ ሲጠቁር ታያለህ።

ወሩ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ ወደ ክዳኑ ወገን ለመሄድ ብዙ ማሰብ አያሻም። የምዕራብ ጎጃም ክረምት ቀልድ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ላህ ወንዝ ደፍርሶ በሚወርድበት ሰሞን መኪናህ ሌሊቱን ውጭ አድሮ ከሆነ ክዳኑ ውስጡ አልቦታል። 20,000 ቮልት ደግሞ ሰነፍ ነው፤ በካንዴላው ጠባብ ክፍተት ከመዝለል በእርጥቡ ክዳን ላይ ተንሸራትቶ ብረት ውስጥ መግባት ይቀልለዋል። ሁለቱን መቆለፊያ ፈልቅቀህ ክዳኑን አንሳ። ውስጡንም ውጭውንም፣ ገመዶቹንም ጭምር በደረቅ ጨርቅ አብስ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረህ በደንብ እየው። ከአንዱ ናስ ወደ ሌላው የምትሄድ፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች እሳቱ የተማረው መንገድ ናት፤ ብታብሰውም በነጋታው ይመለስበታልና ያ ክዳን በቃው። ስንጥቅ ካለም እንዲሁ። መሀሉ ላይ በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ ከሰል መኖር አለባት፤ ከጠፋች ሌባው እሷን ይዞ ሄዷል። የሮተሯም ጫፍ ተበልቶ ካለቀ ወይም ከተሰነጠቀች ለምስክርነት አትበቃም። ሞተሪኖው ሲያዞር ሮተሯ ጨርሳ የማትዞር ከሆነ ግን ውስጥ ካቴና ወይም ጥርስ ተሰብሯልና ኮፈኑን ዘግተህ መካኒክ ጥራ፤ ይህ የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም።

ክዳኑን የት ታደርቀዋለህ? ሐምሌ ላይ ፀሐይ አትጠብቅ። መንገዱ ዳር ቡና የምታፈላ እህት አትጠፋም፤ ከሰሏ አጠገብ አስጠጋው። አጠገብ አልኩህ እንጂ ላይ አላልኩህም፤ ክዳኑ ፕላስቲክ ነው። ቦታ ስላስያዝክ ቢያንስ አቦሉን ትጠጣለህ። አያ ግን በረካ ሳይደርስ አይነሡም፤ ሒሳቡን አንተ ትከፍላለህ። ይህም ቢሆን ከቦቢና ይረክሳል።

አንድ ነገር አደራ። ገመዶቹን ከክዳኑ ከመንቀልህ በፊት በየትኛው ቀዳዳ የትኛው እንደነበረ ምልክት አድርግ፤ ክር እሰርበት፣ ቁጥር ጻፍበት። ያለዚያ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ተነሥቶ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ደርድሮ ይሰካልሃል። እሳቱ ያለ ተራው ሲገባ መኪናው በማርሚታው በኩል «ዷ!» ይላል። በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ ከተማ መሀል «ዷ!» ማለት ለመኪናውም ለአንተም አይመከርም።

ጉዳዩ ከገመዱ ወዲህ ከሆነ የምታስፈልግህ አንዲት አምፖል ናት። ከፍሬቻው የ12 ቮልት አምፖል አውጣና ሁለት ሽቦ እሰርላት፤ አንዱን ጫፍ ንጹሕ ብረት ላይ አሳርፍ። አምፖሏን አያ ይያዙ፤ «እርስዎ ቢያዩልኝ» በላቸው። ቁልፉን ክፈትና ሌላውን ጫፍ የቦቢናው የመደመር ምልክት ያለበት ራስ ላይ ንካ። ካልበራች ቦቢናው ንጹሕ ነው፤ የሚበላውን ሳያመጡለት እንዴት ይሥራ? ሌባው በቁልፉና በቦቢናው መካከል ነው። እዚያ መንገድ ላይ የሚገኙ ወንጀለኞች አስገራሚ ናቸው። የቀድሞው ባለቤት ሌባ እንዳይወስዳት ብሎ ከወንበሩ ሥር የደበቃት ማጥፊያ አለች፤ መኪናውን ሲሸጥልህ ሊነግርህ ረስቷል፤ ልጅህ ትናንት ከኋላ ተቀምጦ ሲጫወት በእግሩ ነክቷታል። አይጥም አለች። ጃቢ ጠህናን፣ ይኸው ያለህበት ወረዳ፣ በቆሎ አገር ነው። በቆሎው ታጭዶ ጎተራ በሚገባበት ሰሞን ከጎተራው አጠገብ የቆመ ሞተር ሙቀቱ ለመኝታ ይመቻል፤ የሽቦውም ልባስ ለጥርስ መሳያ። ለማረጋገጥ ከባትሪው መደመር በቀጥታ ወደ ቦቢናው መደመር አንድ ሽቦ ዘርጋ። ከተነሳ ሌባው ተያዘ። ሽቦው ለሙከራ ብቻ ነው፤ በሱ ወደ ቤትህ ልትሄድ ካሰብክ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ብትከተውም ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ጎረቤትህም ይህን አይቶ ዓይን ነው ያሉትን እናት ይጠራል።

በመደመሩ ላይ ከበራች አምፖሏን ወደ መቀነሱ ራስ ውሰድና ሞተሪኖው ይዙር። ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲና ሥራዋን እየሠራች ነው። በርታ ከቀረች ፑንቲና አትዘጋም፤ ፊቷ ቆሽሿል ወይም ክፍተቷ በዝቷል። ጨርሳ ካልበራች ወይ ፑንቲና አትከፈትም፣ ወይ ኮንዴንሰሯ ውስጥ ለውስጥ ብረት ነክታለች፣ ወይ የቦቢናው ወፍራም ጥቅል ተበጥሷል። ይህን ሁሉ አምፖሏ ስትናገር አያ በእጃቸው ይዘው አይተዋል። «ቦቢና ነው» ያሉበትን ቃል ለማንሣት ግን ጊዜ ስጣቸው፤ በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ፑንቲናን ለማከም የጥፍር ሞረድ ወይም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ጥቁረቱ እስኪለቅ በስሱ ፋቃት፤ ከዚያ ንጹሕ ወረቀት መሀሏ አስገብተህ ጥረግ፤ ዘይት የነካው ጣት እንዳያገኛት። ክፍተቷ ሰፊ በሆነበት ቦታ ሞተሩን አቁመህ ለካ፤ ለእነዚህ መኪናዎች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያ የለህም፤ አውቃለሁ። ሱቅ ገብተህ ምላጭ ግዛ። በሁለቱም በኩል የሚቆርጠው ተራ የጢም ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነውና አራቱን ደራርበህ ስታስገባ ሳይላላም ሳይጨንቅም ካለፈ ክፍተቱ ተስተካከለ። ባለሱቁ አራት ምላጭ በአንድ ጊዜ ለምን እንደፈለግህ ይጠይቅሃል፤ ንገረው፤ ካልነገርከው ሱቁን ዘግቶ ሊያይ ይመጣል። ጠርዙን ወደ ጣትህ አታዙር።

ኮንዴንሰርን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ፑንቲና በምትከፈትበት ጊዜ መሀሏ ላይ ወፍራም ሰማያዊ እሳት የሚዘል ከሆነና ፊቷ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ጠርጥራት። ፍርዱ ቀላል ነው፤ ደህና መሆኗ የታወቀ ሌላ ኮንዴንሰር አምጥተህ አገናኛት። ከዕቃው ሁሉ ርካሽ እሷ ስለሆነች በሌባ ሻይ ብትከሰስ እንኳ ብዙ አልናደድም።

ቦቢና በእርግጥ ሌባ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የአያን ክብር ለመጠበቅ ስል ብቻ አይደለም የምለው። የሱ ሌብነት ሙቀት ይወዳል። ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጎሐ ፅዮን ድረስ እንደ ልብህ ነድተሃል። ከዚያ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትይዝ መሀል መንገድ ላይ መኪናው ድምፁ ጥፍት ይላል። ከተሳፋሪው አንዱ ጠበል በኮዳ ይዞ አይጠፋም፤ ሞተሩ ላይ ይረጫል፤ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ መኪናውም ይነሳል። በጠበሉ ላይ አስተያየት የለኝም፤ ቦቢናውን ግን በደንብ አቀዝቅዞታል። ውስጡ የላላ ወይም ልባሱ የተላጠ ጥቅል ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ለመለየት፣ መኪናው እንደቆመ፣ ሳይበርድ፣ የካንዴላውን ብልጭታ እይ። እሳት ካለ በሙቀት የፈላው ቤንዚን ነው። እሳት ከሌለ ጨርቅ በውሃ ነክረህ ቦቢናውን ብቻ፣ ራሱን ሳታርስ፣ ጠቅልለው፤ ሲበርድ እሳቱ ከተመለሰ ያዝከው። ቴስተር ካለህ በወፍራሙ ጥቅል 3 ኦም ገደማ፣ በቀጭኑ ወደ 10,000 ኦም ገደማ ይጠበቃል፤ ስትለካው ግን ትኩስ እንዳለ ይሁን፤ የበረደ ቦቢና ሁልጊዜ ጨዋ ነው።

ቦቢናን የሚገድለው አንዱ ነገር ደግሞ ሙዚቃ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ፣ ፑንቲናም በአጋጣሚ ተዘግታ ከሆነ፣ ቦቢናው ኤሌክትሪክ እየጠጣ ይግላል። ተሰብሳቢው ሲሰለቸው «እስቲ ቴፑን ክፈትልን» ይልሃል። አትክፈት። ዘፈን ከፈለጉ ራሳቸው ይዝፈኑ፤ ጎጃም ላይ ለዘፈን ሰው አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ጠይቀህ በእርግጥ ዕቃ መግዛት ካለብህ ያኔ ግዛ፤ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ። ፍኖተ ሰላም ላይ ካጣህ ባሕር ዳር፣ እሱም ካልሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላለ ዘመድ ደውልና በአውቶቡስ ያስጭንልህ። «ኦሪጅናል ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ ኦሪጅናል አይደለም ያለህ ነጋዴ አጋጥሞህ ያውቃል? ሮተሯን ከአሮጌዋ አጠገብ አስቀምጠህ ቁመቷንና ቀዳዳዋን አስተያይ፤ ለላዳ የመጣ ክዳን ዲኤክስ ላይ «ትንሽ ከተሞረደ ይገባል» ቢሉህ አመስግነህ ውጣ።

መኪናው ሲነሳ ሁሉም ትክክል ነበሩ። የባጃጁ ልጅ ካንዴላው ተፈቶ ስለታሰረ ነው ይላል። አያ፣ አምፖሏ የቦቢናው ራስ ላይ ስለተነካች ቦቢናው ነቅቷል ይላሉ። ተማሪው ሴንሰሩ ራሱን እንዳስተካከለ እርግጠኛ ነው። ዓይን ነው ያሉት እናት ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። ለሁሉም «እውነትህን ነው»፣ «እውነትዎን ነው» በል፤ ነገም በዚሁ መንገድ ታልፋለህ። አያ ወደ ቡሬ የሚያደርሳቸው ሲፈልጉ እንደነበረ አሁን ይነግሩሃል፤ አሳፍራቸው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማንኩሳ ስትደርሱ «ቡና ቀምሰን እንለፍ» ካሉህ ሞተሩን ሳታጠፋ ቅመስ። ቤንዚኑ ያልቃል ብለህ ከሠጋህ አጥፋው፤ ምላጮቹን በወረቀት ጠቅልለህ ኪስህ ከተሃቸው የለ?